ብርሃኗ ምግቧ ነው

ለቤታችን መብራት ስንገዛ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዋጋው ስንት እንደሆነና ክፍሉን ምን ያህል እንደሚያደምቅልን። መብራት ለሰው ዓይን ተብሎ የሚገዛ ዕቃ በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብርሃንን እንደ እንጀራ የሚመገብ ፍጡር ወደ ቤት ሲገባ ጥያቄው ይለወጣል። ያን ጊዜ መብራቱ የሚመረጠው ለተመልካቹ ሳይሆን ለተመጋቢው ይሆናል።

እኔ የምኖረው በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ ሲሆን፣ ሥራዬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ አስታማሚነት ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጃችን ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳሎናችን ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ ይጠብቃል። ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 280 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። በውስጡም ክላውን የሚባሉ ነጭ መቀነት ያላቸው ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች ይኖራሉ። ልጄ ውሃውን ሲለውጥና ጨዉን ሲለካ ማንም አይቀሰቅሰውም፤ ይህንንም እንደ እናት በደስታ ስመለከተው ቆይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ጊዜው ሊያልቅ ሲል፣ «እማዬ፣ ውጤቴ ጥሩ ከሆነ አኔሞን ትገዢልኛለሽ?» አለኝ። «መጀመሪያ ምን እንደምትበላ ንገረኝ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ብርሃን» ብሎ መለሰልኝ። እኔም «እንግዲያው ቀለቧን ሳናዘጋጅ እንግዳዋን አንጠራም» አልኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለአራት ወር ያህል እናትና ልጅ ስለ መብራት ስናጠናና ስንከራከር ከረምን።

አኔሞን ስትታይ አበባ ትመስላለች እንጂ እንስሳ ናት። ከዛጎል ድንጋይ ሠሪዎቹ ኮራሎችና ከጄሊፊሽ ጋር የቅርብ ዘመድ ስትሆን፣ በእግሯ ከዓለት ጋር ተጣብቃ በዙሪያዋ ባሉት ጣቶቿ ትንንሽ እንስሳትን እየነደፈች ትይዛለች። ዋናው ቀለቧ ግን የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በሞቃት ባሕር የሚኖሩትና ክላውን ዓሣ የሚያስጠጉት አኔሞኖች በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። እነዚህ አልጌዎች እንደ ቅጠል በብርሃን አማካይነት ምግብ ያዘጋጁና ከሚያዘጋጁት አብዛኛውን ለአስጠጊያቸው ያካፍላሉ። እሷም በበኩሏ መጠለያና ማዳበሪያ ትሰጣቸዋለች። ስለዚህ ብርሃን ሲያንስ አልጌዎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ አልጌዎቹ ሥራ ሲፈቱም ባለቤቷ ትራባለች። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚሰጣት ቁራሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይደግፋታል እንጂ የብርሃንን ቦታ አይተካም።

ይህንን ከመጻሕፍት ካነበብን በኋላ ለማየት ብቻ ወደ አንድ የዓሣ መሸጫ ሄድን። ሻጩ ሰማያዊ መብራት ከበራበት ገንዳ ውስጥ እንደ ወተት የነጣች አኔሞን አሳየንና «እንዲህ ያለ ቀለም አይገኝም፤ ለእናንተ በቅናሽ ትሆናለች» አለን። ስለ መብራት ስንጠይቀውም «በቤት ያላችሁት ይበቃታል» ሲል መለሰ። ልጄ ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ መንቀል አቃተው። አብረውን የሄዱት በዕድራችን የምናውቃቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ ለረዥም ዘመን በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የቆዩና ከጡረታ ወዲህ በቤታቸው አኔሞን የሚያኖሩ ሰው ናቸው። ጠጋ አሉና ሻጩን ሰማያዊውን አጥፍቶ ነጩን እንዲያበራ ለመኑት። ከዚያም ለልጄ «ልጄ፣ ይህ ቀለም አይደለም፤ ረሃብ ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አኔሞን በመንገድ እንግልት፣ በሙቀት፣ በብርሃን ማነስ ወይም በድንገት መብዛት ስትጎዳ በውስጧ ያሉትን አልጌዎች ታጣለች። የደህናዋ መልክ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሲሆን፣ ቀይና ሐምራዊም ይገኛል፤ አልጌዎቹ ሲወጡ ግን ትነጣለች። በእንክብካቤ ልታገግም ብትችልም ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በሽተኛ ሲገረጣ አይቶ «ቀላ፣ አማረበት» የሚል አስታማሚ የለምና፣ እኔ የሽማግሌውን ቃል ለመቀበል ጊዜ አልወሰደብኝም። ልጄ ግን ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረኝም። «እኛ ባንወስዳት ትሞታለች» የሚለው ሐሳብ በልቡ እንደቀረ አውቄአለሁ። ማታ ራት ላይ ግን «እኛ ብንወስዳትስ በዚህ መብራት ምን እናበላት ነበር?» ብሎ ራሱ ጠየቀ። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተው መብራትን በዓይን መመዘን ነው። የሰው ዓይን አጥብቆ የሚያየው ቢጫና አረንጓዴ ብርሃንን ነው። በአምፑል ካርቶን ላይ የሚጻፈው «ሉመን» የተባለው ቁጥርም የተሠራው በሰው ዓይን ልክ ነው። አልጌዎቹ ግን በይበልጥ የሚጠቀሙት በሰማያዊው ብርሃን ነው። ምክንያቱም ውሃ ቀዩን ብርሃን ከላይ ከላዩ ውጦ ሲያስቀር ሰማያዊው ወደ ጥልቁ ይዘልቃል፤ በባሕር ውስጥ የሚኖረውም ፍጡር የለመደው የሚደርሰውን ነው። ስለሆነም ለእኛ ደብዘዝ ብሎ የሚታየን ሰማያዊ መብራት ለአኔሞን ጥሩ ገበታ ሊሆን ይችላል፤ ሳሎኑን ቦግ ያደረገው ቢጫ አምፑል ደግሞ ጾሟን ሊያሳድራት ይችላል።

«ኬልቪን» የሚባለው ቁጥርም የሚነግረን የብርሃኑን ቀለም እንጂ ብዛቱን አይደለም። 6,500 የቀን ብርሃንን ይመስላል። ከ14,000 እስከ 20,000 የሚደርሰው ወደ ሰማያዊ ያደላ ሲሆን ብዙ አኳሪየም ጠባቂዎች የሚመርጡትም እርሱን ነው። «ዋት» ደግሞ መብራቱ የሚበላውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይናገራል እንጂ ለእንስሳዋ የሚሰጠውን አይናገርም። ለምግብ ዝግጅት የሚያገለግለውን ብርሃን የሚለካው «ፓር» የተባለው መለኪያ ነው። ባብል ቲፕ ለምትባለዋ፣ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ለምትገኘውና ለቤት አኳሪየም ከሁሉም ለምትስማማው አኔሞን፣ በተቀመጠችበት ቦታ ከ100 እስከ 250 ያህል ፓር ቢደርሳት መልካም ነው ይባላል።

መለኪያው ውድ በመሆኑ መግዛት አላስፈለገንም። ጋሼ አባል ከሆኑበት የአኳሪየም ጠባቂዎች ክበብ ለአንድ ሳምንት ተዋስንና ልጄ በደብተሩ ላይ የገንዳውን ሥዕል ሠርቶ ቦታ በቦታ ለካ። ከገንዳው ጋር የመጣው መብራት ዓሣዎቹን ለማየት የሚበቃ ነበር። አኔሞንዋ ልትቀመጥበት ባሰበው ዓለት ላይ ግን ከ40 አላለፈም። «ይበቃታል» የተባለው መብራት ግማሽ ቀለብ እንኳ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የቀረው የመብራቱን ዓይነት መምረጥ ነበር። ቀጫጭኖቹ የቲ-5 ፍሎረሰንት ዘንጎች ብርሃንን በእኩል ያዳርሳሉ፤ ነገር ግን ኃይላቸው እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መለወጥ አለባቸው። ሜታል ሃላይድ የሚባለው ትልቅ አምፑል ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ ሙቀቱም እንዲሁ ብርቱ ነው። የአኔሞን ውሃ በ25 ወይም በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ረግቶ መቆየት ስላለበት ማቀዝቀዣ ሊያስፈልግ ይችላል። ኤል ኢ ዲ የተባለው ሲገዛ ይወደዳል፤ ሙቀቱና ፍጆታው ግን ያንሳል፣ ብርሃኑንም ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል።

አንድ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ባለ 250 ዋት ሁለት ሜታል ሃላይዶች በነፃ ሊሰጠን ፈቅዶ ነበር። ባለቤቴም «በነፃ የተገኘ እያለ ገንዘብ ለምን እናወጣለን?» አለ። አነጋገሩ ትክክል ነበርና ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። 500 ዋት በቀን አሥር ሰዓት ቢበራ 5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እያንዳንዳቸው 90 ዋት የሆኑ ሁለት ኤል ኢ ዲዎች ግን በሙሉ ኃይላቸው እንኳ ቢበሩ በወር የሚጠቀሙት 54 ነው። ልዩነቱ በየወሩ 96 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። በነፃ የተገኘው በየወሩ ሒሳብ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ካየ በኋላ፣ «እንግዲያው ያገለገለ ኤል ኢ ዲ እንፈልግ» አለ። ልጄም ለአዲስ ስልክ ሲያጠራቅም የነበረውን ገንዘብ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ግማሹን እኛ ሞላንለት። ሁሉንም ልንከፍልለት እንችል ነበር፤ ነገር ግን ከኪሱ ያወጣበትን ነገር ልጅ በሌላ ዓይን ይጠብቀዋል።

መብራቱ ተገዛ ማለት በአንድ ቀን ሙሉ ኃይሉ ይለቀቃል ማለት አይደለም። ለረዥም ጊዜ የጾመን ሰው በአንድ ጊዜ አጥግቡ እንደማይባል ሁሉ አኔሞንም በድንገት በብርቱ ብርሃን ልትጎዳ ትችላለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና ልጄ በአነስተኛ ኃይል ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ በዓለቱ ላይ 160 አደረሰው። መብራቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት በርቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት በራሱ የሚጠፋበት ሰዓት ቆጣሪ ተገጠመለት። ሌሊት ጨለማ ሊሆንላት ይገባል፤ የባሕር ፍጡርም ማታና ቀን አለው።

ትንንሽ ልጆች ያሉን እናቶች ልንረሳው የማይገባ ሌላ ጉዳይም አለ። የጨው ውሃና ኤሌክትሪክ ደመኞች ናቸው። መብራቱ በሚገባ የታሠረ፣ ሽቦውም ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ የታጠፈ መሆን አለበት፤ እንደዚያ ከሆነ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ይወርዳል። ጋሼ ይህን ሁሉ በእጃቸው ካስተካከሉ በኋላ፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው የሚያቋርጥ ሶኬትም ገጠሙልን።

አኔሞንዋን ያገኘነው እዚያው በጋሼ ገንዳ ውስጥ ለሁለት ከተከፈለችው ነው። ባብል ቲፕ ሲደላት ራሷን ከሁለት እየከፈለች ትባዛለችና፣ ከባሕር ማስነቀል አላስፈለገም። ልጄ በመረጠላት ዓለት ላይ አኖራት፤ ጠዋት ከሥራ ስመለስ ግን ከገንዳው ሌላ ጥግ ነበረች። አኔሞን ብርሃኑ ወይም የውሃው ሞገድ ካልተስማማት በእግሯ ትሄዳለች። ልጄ ደንግጦ «መብራቱን ልጨምር?» አለኝ። «እንግዳ ቤት ሲለምድ ወንበር ይቀያይራል፤ ታገሣት» አልኩት። የውሃ መሳቢያውን አፍ አስቀድሞ በስፖንጅ ስለሸፈነው የምትጎዳበት ነገር አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ እግሯን ተከለችና ጣቶቿን ወደ ብርሃኑ ዘረጋች። ልጄ በዚያ ቦታ ብርሃኑን ሲለካ 140 ሆኖ አገኘው። እሷ ያለመለኪያ ያገኘችውን እኛ በመለኪያ አረጋገጥን።

ይህ ሁሉ ለአንዲት የባሕር እንስሳ ይበዛል የሚል ይኖር ይሆናል። ታሪኩን ያየ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከጥንት የቤት ሴቶች ሥራ እንደሆነ ይረዳል። በ1846 እ.ኤ.አ. አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ኮራሎች ወደ ለንደን ወስዳ በቤቷ አኖረች። ፓምፕ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባለት ነበር። የባለቤቲቱ ስም በታሪክ ተጽፏል፤ ክንዷ የዛለው ሠራተኛም ልትታሰብ ይገባታል።

በስኮትላንድም ጆን ዳልየል የተባለ ሊቅ በ1828 እ.ኤ.አ. ከባሕር ያነሣት አንዲት አኔሞን «አያት» የሚል ስም ወጥቶላት ከሰው ወደ ሰው ስትተላለፍ እስከ 1887 ኖረች። ዳልየል የሞተው በ1851 ስለሆነ እንስሳዋ ከጠባቂዋ በኋላ 36 ዓመት ቆየች ማለት ነው። እሷ የቀዝቃዛ ባሕር ዓይነት ስለነበረች አልጌ አልነበራትም፤ የምትኖረው በሚሰጣት ሥጋ ነበር። የኛይቱን ዓይነት ግን መብራት የሚያጠፋባት ሰው ቀለቧን አጠፋባት።

ስለዚህ ልጆቻቸው ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚያቀርቡላቸው እናቶችና አባቶች የምመክረው ይህን ነው። ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሞላው አኔሞን አይግባበት። ከሻጭ ቃል ይልቅ መለኪያን እመኑ፤ ነጭዋን በቅናሽ አትግዙ። የመብራቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የወሩን ሒሳብ አስሉ። ኪሳችሁ የማይችለው ከሆነም ያለ ኀፍረት «አይሆንም» በሉ፤ ክላውን ዓሣ ያለ አኔሞን በቤት ውስጥ በደህና ይኖራልና ልጁ የሚያጣው ደስታ የለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የፈሰሰ ሕይወት ተመልሶ አይለቀምም። ልጅ ከምኞቱ በፊት የሌላውን ቀለብ መጠየቅን ከተማረ፣ ነገ ቤት ሲመሠርትና ሰው ሲያስተዳድር የሚጠቅመውን ትምህርት ከዛሬው ጀምሯል ማለት ነው።