ኮንትሮልና ፒ

የድሮዎቹ የዶስ ኮምፒውተሮች አንድ ነገር ያደርጉ ነበር፤ ለዛሬ ወጣቶች ስነግራቸው ይስቃሉ። ኮንትሮልና ፒ የሚባሉትን ቁልፎች አብራችሁ ከተጫናችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ መስመር በመስመር ወረቀት ላይም ይታተማል። የጻፋችሁት ትእዛዝ፣ ማሽኑ የመለሰው፣ የተሳሳተውም ትእዛዝ ከነወቀሳው። እንደገና እስክትጫኑት አያቆምም። ለዚህ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ነበር የሚመቸው፤ መስመሩን እንደመጣለት በመርፌዎቹ ሪባኑን እየመታ ይጽፋልና። ሌዘር ፕሪንተር ግን ገጹ እስኪሞላ ይጠብቃል። (በድሬ ሙቀት ሪባን ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርቅ የሠራበት ያውቀዋል።)

እ.ኤ.አ. በ1986 ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የ75 ሳንቲም የሒሳብ ልዩነት እንዲያጣራ ታዘዘ። ሰርጎ ገብ እንዳለ ጠረጠረ። ከውጭ በስልክ በሚገቡት መስመሮች ላይ ፕሪንተሮችን ሰብስቦ ቀጠለ። ጀርመን አገር የተቀመጠው ሰው ማን እንደሚያየው ኮምፒውተሩ ውስጥ እየፈተሸ ይገባ ነበር፤ ፕሪንተሩ ግን ከኮምፒውተሩ ውጭ ስለሆነ አላየውም። የጻፈው ሁሉ በዚያው ሰዓት ወረቀት ላይ ይወርድ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛም ቢሮ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ነበረን። ገንዘብ ያዣችን፣ ቀድሞ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አባት፣ እሑድ ማታ ሒሳቡን ጽፈው ሲጨርሱ ኮንትሮልና ፒን ተጭነው የፋይሎቹን ዝርዝርና የሒሳቡን ፋይል ያወጣሉ። ዝርዝሩ የፋይሉን መጠን፣ መጨረሻ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት ያሳያል። ጎንና ጎኑ የተበሳሳውን ወረቀት እያጠፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ቀለም ማባከን ነው የሚሉ ነበሩ።

አንድ ዓመት ከሕንፃው መዋጮ ገንዘብ ጎደለ። ሹክሹክታው ከአዳራሹ አልፎ ከዚራም ሳቢያንም ደረሰ። እኚህ አባት ለሦስት ሳምንት ኋላ ወንበር ላይ ብቻቸውን ሲቀመጡ አይቻለሁ። በሽማግሌዎች ስብሰባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ከዳር ዳር አልበቃውም። ፋይሉ እሳቸው ካተሙት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን ተለውጧል። ሁለት ቁጥሮች ቀንሰዋል። ማክሰኞ እሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ።

በሳምንቱ አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። (ይህን የምጽፈው በፈቃዱ ነው።) አልቅሶ ተናዘዘ፤ ጸለይን። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ «መጋቢ፣ ያ ወረቀት አይቃጠልም?» አለኝ።

ቆላስይስ 2ን አነበብኩለት፤ በእኛ ላይ የቆመውን የዕዳ ጽሕፈት ክርስቶስ እንዴት ከመንገድ እንዳስወገደው። አመነ፣ ግን ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። አንዳንድ ሽማግሌዎችም እናቃጥለውና ይለቅ አሉ። እኔ ኤርምያስ 36 ትዝ አለኝ። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ በቀለም የጻፈውን ንጉሡ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው፤ ቃሉ ግን ተጨምሮበት ዳግም ተጻፈ። እሳት ያደረገውን ምሕረት አድርጎታል ብዬ ማስተማር አልቻልኩም። የሚደመስሰው ጽሕፈቱ የተጻፈበት፣ ዕዳውም የሚገባው ጌታ ነው እንጂ እኛ በክብሪት አይደለንም። ደግሞ ያ ወረቀት የአንድ ንጹሕ ሽማግሌ ስም ነበር።

ገንዘብ ያዡን ጠየቅኋቸው። «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወረቀቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ።

ወጣቱ ገንዘቡን በየወሩ በትንሽ በትንሹ ከፈለ፤ አሥራ አራት ወር ፈጀበት። በከፈለ ቁጥር እኚያ አባት አጠገባቸው ያስቀምጡትና ኮንትሮልና ፒን ይጫናሉ። እየተንጫጫ የሚወጣውን መስመር ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያዩታል። ከዚያ ወረቀቱን እሱ እንዲያጥፈው ይሰጡት ነበር።