ከዘጠኝ ወዲያ የሞተ የለም?

አንኮበር ያለ አንድ ሰንበቴ የሙታን መዝገቡን በየቀኑ ለይተን እንድናሰናዳለት ሲጠይቀን «ይቺማ ምን አላት!» አልን። ሦስታችንም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ከዓመት ወዲህ ለክፎናል።

መዝገቡ ስምና ያረፉበት ቀን ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ በግእዝ። ለቅመን አስገባንና ኮምፒዩተሩን እንዲህ አዘዝነው፦ ቀኑ አኃዝ ከሆነ ወደ ቁጥር ቀይር፤ ካልሆነ መስመሩ ባዶ ነውና እለፈው። ለዚህ «ኢዝዲጂት» የሚሉት መጠይቅ አለ፤ «አኃዝ ነውን?» ማለት ነው። መመሪያውን ገለጥን፤ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር አንብበን ዘጋነው።

ብናስኬደው ገና ፩ ላይ ተሰናከለ። «፩ አኃዝ ነውን?» ሲሉት «አዎ» ይላል፤ «እንግዲያስ ወደ ቁጥር ቀይረው» ሲሉት ድርቅ! ተናደድንና ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ራሳችን ተርጉመን ሰጠነው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳያንገራግር ሠራ። አተምንና በደስታ አንኮበር ሄድን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የኔታ፣ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላበጡ። «ልጆቼ፣ ልደታ አለ፣ አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ። ከዘጠኝ ወዲያ የሞተ የለም እንዴ? እናቴ እኮ በማርያም ነው ያረፈችው» አሉን።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችን!

ደብረ ብርሃን ተመልሰን መመሪያውን እስከ መጨረሻው አነበብነው። በአሥር ቤት ቁጥር የማይመሠርቱ ምልክቶችም በዚህ መጠይቅ «አኃዝ» እንደሚባሉ እዚያው ተጽፏል። ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ከእነዚህ ጋር ይመድባቸዋል፤ ከ፲ ጀምሮ ያሉትን ግን አይጨምርም፣ ዋጋ ያላቸው ምልክቶች ብቻ ይላቸዋል። ስለዚህ ፳፩ «አኃዝ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «አይደለም» ነው። እኛም ባዶ መስመር ነው ብለን ከወሩ 30 ቀን 21ዱን ዘለልን። «ኢዝኒውመሪክ» በሚባለው ጠይቀን ቢሆን ሁሉም ያልፉ ነበር፤ ከዚያ የየምልክቱን ዋጋ ተቀብሎ 20ንና 1ን መደመር ነው።

ጓደኞቻችን፣ የመጀመሪያው ስሕተት ጮኾ ነገረን። እኛ እሱን ስናርም ሁለተኛው ዝም ብሎ የሰው እናት አስቀረ።

አዲሱን ዝርዝር ይዘን ስንመለስ የኔታ ምንም አላሉንም። ጣታቸውን ፳፩ ላይ አሳርፈው ስሟን በለሆሳስ አነበቡ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው «በሉ፣ ለልጆቹ ጠላ ቅዱላቸው» አሉ።