የጌም ቤት ወግ እና የስደት ሳሎን፦ የጀብዱ ጌሞች አጨዋወት በአገር ቤትና በውጭ

«አክሽን አድቬንቸር» በሚል ስያሜ የሚታወቁት የቪዲዮ ጌሞች፣ ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ እየመራ የሚዋጋባቸው፣ ሰፊ መልክዓ ምድር የሚያስስባቸውና እንቆቅልሽ እየፈታ ረጅም ታሪክ የሚከተልባቸው ጨዋታዎች ናቸው። እነዚህ ጌሞች በአዲስ አበባም ሆነ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ የአሜሪካ ከተሞች በሚያድጉ ወጣቶች ዘንድ ቢታወቁም፣ ያው አንዱ ጌም በሁለቱ ስፍራዎች የሚሰጠው ልምድ ግን የተለያየ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የጌሙ ይዘት ሳይሆን፣ ማሽኑ የማን እንደሆነ፣ ጊዜው እንዴት እንደሚከፈልበትና ከተጫዋቹ ጎን ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው የአጨዋወት ልማድ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ወጣቶች ከጌም ጋር የሚተዋወቁት በጌም ቤት ነው። ጌም ቤት ማለት ባለቤቱ ጥቂት የፕሌይስቴሽን ማሽኖችን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት እያስከፈለ የሚያጫውትበት የሰፈር ቤት ነው። በዚህ ቤት የነገሠው ኳስ ነው፤ አንድ የኳስ ጨዋታ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልቅና ተሸናፊው ለተረኛ ስለሚለቅ፣ ለከፋዩም ለአስከፋዩም ስሌቱ ቀላል ይሆናል። የጀብዱ ጌም ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ዋና ታሪኩ ብቻ 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ የሚችልን ጌም በሰዓት እየከፈሉ መጨረስ ለአብዛኛው ተማሪ ከአቅም በላይ ነው።

ሌላው ችግር «ሴቭ» የሚባለው፣ ማለትም ተጫዋቹ የደረሰበት ምዕራፍ ተመዝግቦ የሚቆይበት አሠራር ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ገናና በነበረበት ዘመን ይህ መረጃ የሚቀመጠው 8 ሜጋባይት ብቻ በምትይዝ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ላይ ሲሆን፣ ካርዷ የቤቱ ከሆነች አንዱ ያቆመበትን ሌላው ሊቀጥለው ወይም በራሱ ጅማሮ ሊተካው ይችል ነበር። ሴቭ ሳይደረግ መብራት ከጠፋ ደግሞ የተለፋበት ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይሆናል። ዛሬም ቢሆን ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች መካከል ባለመሆኗ፣ ማሽኑ ያለው ሰው እንኳ ጌም በቀጥታ ለመግዛት የሌላ አገር አካውንት መክፈትና የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ይጠበቅበታል።

በውጭ አገር የሚኖረው ተጫዋች ከእነዚህ ችግሮች ነጻ ነው፤ ይህ ነጻነትም ታሪኩን በሚገባ ለመረዳት ያስችለዋል። በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ሥራ «ጎድ ኦፍ ዋር» ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። ጌሙ ክሬቶስ የተባለው የቀድሞ የግሪክ የጦርነት አምላክ ከልጁ ከአትሬዩስ ጋር ሆኖ፣ የሟች ሚስቱን አመድ ከከፍታዎች ሁሉ በላቀው ጫፍ ላይ ለመበተን የሚያደርገውን ጉዞ ይተርካል። ገና በጅምሩ ልጁ በቀስት የመታውን አጋዘን በቢላዋ ለመጨረስ ሲያመነታ፣ አባት እጁን በልጁ እጅ ላይ ደርቦ ቢላዋውን ይገፋለታል፤ ከዚያም ሊያጽናናው እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካው ይመልሰዋል። ፍቅሩን መግለጽ ያቃተው አባት ማንነት በዚህች አጭር እንቅስቃሴ ተገልጧል፤ ወደ ውጊያው ለመድረስ የቸኮለ ተጫዋች ግን ሳያስተውላት ያልፋል።

በዚሁ ጌም ውስጥ አባትና ልጅ ሐይቁን በጀልባ ሲያቋርጡ፣ ሚሚር የተባለው አዋቂ የሰሜን አውሮፓን አፈ ታሪክ ይተርክላቸዋል፤ ጀልባዋን ትተው ሲወርዱ ትረካው ይቋረጥና ተመልሰው ሲሳፈሩ ይቀጥላል። ስለዚህ ትረካውን ሳይቆራረጥ እስከ ፍጻሜው ለመስማት የሚሻ ሰው ከጀልባዋ ሳይወርድ በሐይቁ ላይ መዘግየት አለበት። በ2020 የወጣውና በ1274 ሞንጎሎች በጃፓኗ የሹሺማ ደሴት ላይ ያደረጉትን ወረራ መነሻ ያደረገው «ጎስት ኦፍ ሹሺማ» ደግሞ፣ አቅጣጫ የሚጠቁመው በቀስት ምልክት ሳይሆን ሣሩንና ቅጠሉን በሚያጎነብስ ነፋስ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ዓይኑን ከመልክዓ ምድሩ ሳይነቅል እንዲጓዝ ይጋብዘዋል። እንዲህ ያለው እርጋታ ሰዓት ለማይቆጠርበት ሰው የተሰጠ ዕድል ነው።

ይሁን እንጂ ጌም ቤቱ በውጭ አገር የሌለ አንድ ትልቅ ሀብት አለው፤ እርሱም ተመልካቹ ነው። ከኋላ የቆመው ልጅ መንገድ ይጠቁማል፤ እንግሊዝኛ የሚችለው በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ለሌሎቹ ያስረዳል፤ ታናሹ ያቃተውን «ቦስ»፣ ማለትም የምዕራፉን ኃያል ጠላት፣ ታላቁ ጆይስቲኩን ተቀብሎ ያሸንፍለታል። በስደት ግን ልጁ ኢርፎኑን አድርጎ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይጫወታል፤ በሁለት ፈረቃ ሥራ የደከሙት ወላጆቹም ጌሙን የጊዜ ማባከኛ ብቻ አድርገው ስለሚያዩት፣ ልጃቸው ስለ አባትነት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ክብር የሚነገር ታሪክ ውስጥ እየኖረ መሆኑን ሳያውቁ ይቀራሉ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስችሉ ሥራዎች አሉ። ወላጆቹ ከኬንያ የሆኑት እንግሊዛዊው ተዋናይ አቡባከር ሳሊም የመሠረተው ስቱዲዮ በ2024 ያወጣው «ቴልስ ኦፍ ኬንዜራ፦ ዛው» ከባንቱ ሕዝቦች አፈ ታሪክ የተቀዳ ሲሆን፣ ሟች አባቱን ለማስመለስ ከሞት አምላክ ጋር የተዋዋለን ወጣት ታሪክ ይተርካል። ሳሊም ጌሙን የፀነሰው የራሱን አባት በሞት ካጣ በኋላ በመሆኑ፣ ሥራው ሐዘንን በልቅሶና በዕዝን አብሮ ለሚወጣ የኢትዮጵያ ቤተሰብ እንግዳ አይሆንም። ሳሊም በድምፅ በተወነበት፣ በጥንታዊት ግብፅ ላይ በተመሠረተው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» ውስጥም፣ ውጊያ የሌለበትና 75 የታሪክ ጉብኝቶችን የያዘ ክፍል በ2018 ተጨምሯል።

በእርግጥ ምርጫው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ «ጎድ ኦፍ ዋር» በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሲፈቀድ፣ በ2023 የወጣው የኔንቴንዶ «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ግን ከ10 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተፈቀደ ነው። በጌም ቤት ይህን የዕድሜ ምደባ የሚያስተውል ብዙም ስለሌለ፣ በዚህ ረገድ የውጭው ልማድ የተሻለ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከሁለቱ ልማዶች አንዱን ብቻ መምረጥ አያስፈልግም፤ የውጭው አገር ጊዜንና ባለቤትነትን፣ የአገር ቤቱ ደግሞ አብሮ ማየትንና አብሮ መፍታትን ይሰጣሉ። በስደት የሚኖሩ ወላጆች የልጆቻቸውን ጌም ከመከልከላቸው ወይም ፊታቸውን ከማዞራቸው በፊት፣ በሳምንት አንድ ምሽት አጠገባቸው ተቀምጠው «ይህ ማነው? ወዴት እየሄደ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ታሪኩን ባለው አማርኛ ለማስረዳት ሲሞክር ቋንቋውም ይዳብራል፤ ወላጅም ልጁ የሚያስበውን ለማወቅ ጥሩ አጋጣሚ ያገኛል።