«ጠቅላላ ዋጋ» የምትባለው አንዲት መስመር

ቤት የሚያሠራ ሰው ከሦስት ሥራ ተቋራጮች ዋጋ ይሰበስባል። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጥና ዓይኑ በቀጥታ ወደ ታችኛው ቁጥር ይሄዳል። ትንሹን ይመርጣል። ከወራት በኋላ ሥራው ቆሞ ሁለቱ ወገኖች ሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ። በዚህ ሙያ ውስጥ ሆኜ ካየኋቸው ጠቦች አብዛኞቹ የተጀመሩት ግንባታው ላይ ሳይሆን እዚያች ወረቀት ላይ ነው።

አሠሪውን ብቻ አልወቅስም። ትንሹን ቁጥር የሚመርጠው እኛ ሌላ የሚያወዳድርበት ነገር ስላልሰጠነው ነው። «ለፊኒሺንግ ሥራ ጠቅላላ 2,000,000 ብር» ተብሎ ሲጻፍ ስንት ካሬ ሴራሚክ እንደሚነጠፍ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የጅብሰሙ ሥራ ይካተት አይካተት አይታወቅም። ቫትስ? 15 በመቶው ብቻውን 300,000 ብር ነው። አንዱ ቫት ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ጽፈው ከሆነ፣ ውድ የመሰለው ርካሹ ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ ጉዳይ ፊት ለፊት መጣ። በዋዜማው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በእጄ የነበረው ሥራ ዋጋ ማቅረቢያ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዋጋው ለ15 ቀን ይጸናል። ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የቧንቧ ዕቃ በዛሬ ዋጋ ተሰልተዋል፤ ልዩነት ቢመጣ በደረሰኝ እንተሳሰባለን።» አሠሪዬ ደስ አላለውም፤ ግን ተሳስበን ጨረስን። በዚያው ሰፈር በአንድ ቁጥር የተዋዋለ ሌላ ተቋራጭ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ሕጉም ቢሆን አያድነውም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ስለዚህ ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም መጻፍ ያለበት ከመፈራረም በፊት ነው።

የሙያ ጓደኞቼ መልስ አላቸው። «ዝርዝር ከሰጠኸው ይዞት ሌላ ጋ ይሄዳል፤ ትርፍህንም ያይብሃል» ይላሉ። እውነት ነው፣ እኔንም አጋጥሞኛል። ትርፉን ሲሚንቶና አሸዋ ውስጥ ደብቆ ማቅረብ ግን የባሰ ነው። አሠሪው ሱቅ ገብቶ የሲሚንቶን ዋጋ በጠየቀ ቀን ሌባ ያደርገናል። «የሥራ ማስኬጃና ትርፍ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ምን ያሳፍራል? ሐኪምም ጠበቃም ለሙያው ያስከፍላል።

ከሁሉም የማስበው ሪያድ ወይም ቤይሩት ሆና ቤት የምታሠራዋን እህት ነው። ወረቀቱ በስልኳ ይደርሳታል፤ ቦታውን አታየውም፤ የላከችው የዓመታት ላቧ ነው። ያ ዝርዝር ዓይኗ ነው። አንዲት መስመር ብቻ ስንልክላት ዓይኗን ሸፍነን ገንዘቧን እንደተቀበልን ይቆጠራል።

ስለዚህ ዋጋ የምታቀርቡ ሁሉ መጠኑን፣ የአንዱን ዋጋና ድምሩን ለየብቻ ጻፉ። ቫት መኖር አለመኖሩን፣ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን፣ የማይካተተውን ሥራ፣ ክፍያው በየትኛው የሥራ ደረጃ እንደሚለቀቅ አስፍሩ። የምታሠሩም ትንሹን ቁጥር ከመምረጣችሁ በፊት «እዚህ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው?» ብላችሁ ሦስቱንም ጠይቁ። መልስ መስጠት የከበደው ሰው በኋላ የሚያመጣባችሁን ተጨማሪ ሒሳብ አሁኑኑ ማየት ትችላላችሁ።