ዝም ያለው ኮምፒዩተር

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ መሐል ሜዳ ቤታችን ሳለሁ የገጠመኝን ነገር ላጫውታችሁ። ነገሩ የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ለሙያችን የሚሆን ትምህርት ስላገኘሁበት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ያሳደጉኝ አጎቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ለመንዝ ልጆች እንዲስማማ ብለው ስለ ገብሱ፥ ስለ በጉ፥ ስለ ባናው የጻፏቸውን የንባብ መልመጃዎች ለዓመታት በአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተራቸው ላይ አጠራቅመዋል። ታዲያ ያን ሰሞን የኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ቂጭ ቂጭ ማለት ጀመረ። ይህ ድምፅ የመሞቻው ምልክት መሆኑን ስለማውቅ ደነገጥኩ። እኔ በማግሥቱ ንጋት ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፋሪ ነኝ። ፍላሼን ደግሞ ቫይረስ ገብቶበት ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎታል።

«ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በራውተሩ አገናኝቼ እገለብጠዋለሁ» አልኳቸው።

«ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሳምንቱ አይደል እንዴ?» አሉ።

ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ራውተሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እንደሚያደርስ መንገድ ነው፤ የውጭው በር ቢዘጋም የግቢው ሰው እርስ በርሱ ይገናኛል። ነገር ግን የእኔ ላፕቶፕ የጋሼን ኮምፒዩተር ጨርሶ አላየውም አለ። አንዱን ስነካ፥ ሌላውን ስዘጋ፥ ሳጠፋ ሳበራ አንድ ሰዓት አለፈ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። በመጨረሻ ተናደድኩና፥

«ጋሼ፥ ምን ነካክተውት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ከጽሑፌ በቀር ምኑን አውቄ እነካለሁ ልጄ? አምና አንተ እንዳስተካከልከው ነው ያለው» ብለው ዝም አሉ።

ቀዝቀዝ ስል በቅደም ተከተል ለመሄድ ወሰንኩ። መጀመሪያ የሁለቱንም የአይፒ አድራሻ አየሁ። የእኔ 192.168 ብሎ ይጀምራል፤ የጋሼ ግን 169.254 ይላል። ኮምፒዩተር ይህን ቁጥር ለራሱ የሚሰጠው ከራውተሩ አድራሻ ሳያገኝ ሲቀር ነው። ገመዱን ብመለከት ለካ በደንብ አልገባም! ቀጭ እስኪል ስገፋው አድራሻው ተስተካከለ።

ቀጥሎ ከላፕቶፑ ፒንግ አደረግሁ፤ ይኸውም «አለህ ወይ?» ብሎ እንደ መጣራት ነው። መልስ የለም። ታዲያ መልስ አለመኖሩ ኮምፒዩተሩ የለም ማለት አይደለም፤ ፋየርዎሉ እንዳይመልስ ከልክሎት ሊሆን ይችላል። የጋሼ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 7 ነው። የኔትወርኩን ገጽ ስከፍት «ፐብሊክ» ይላል፤ ማለትም ኮምፒዩተሩ ያለው በቤቱ ሳይሆን እንግዳ በበዛበት አደባባይ መስሎት በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ይህን ማን መረጠለት? አምና ራውተሩን ስተክል «ቤት ነው? ሥራ ቦታ ነው? አደባባይ ነው?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር። በችኮላ ሳላነበው የነካሁትም እኔው ነኝ። ፊቴ ጋለ።

«ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

«ይሁን፤ ሥራህን ቀጥል» አሉኝ፤ ሻይም ቀዱልኝ።

«ቤት» ወደሚለው ስለውጠው ፒንጉ መለሰ። በኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ባይታይም አድራሻውን በቀጥታ ጽፌ ገባሁ። አሁን ደግሞ የይለፍ ቃል ጠየቀ። የጋሼ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል የለውም፤ ዊንዶውስ ደግሞ ባዶ የይለፍ ቃል ያለውን ስም በኔትወርክ በኩል አያስገባም። «ለገዛ ቤቴ ቁልፍ?» ብለው እየሳቁ አንድ ቃል መረጡ። ተከፈተ፤ አንዱ ፎልደር ግን እንቢ አለ። የፈቃዱ ዓይነት ሁለት ነው፤ አንዱ የመጋራቱ ፈቃድ፥ ሌላው የፎልደሩ የራሱ ፈቃድ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው።

ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ሣቅ ብለው፥ «እንደ ጓሳ ነዋ! አባቶቻችን ሣሩን የጋራ አደረጉት እንጂ ዝም ብለው አልለቀቁትም። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈታል፤ ማን እንደሚያጭድም ይታወቃል። የጋራ ማለት በር የሌለው ማለት አይደለም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በመካከሉ ስልክ የደወልኩለት አንድ ጓደኛዬ «ፋየርዎሉን አጥፋው፤ የድሮውን ኤስ.ኤም.ቢ. 1 አብራውና ተገላገል» ብሎኝ ነበር። አላደረግሁትም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ያህል ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያጠቃው በዚያው በአሮጌው የፋይል መጋሪያ በር ገብቶ ነው። ዊንዶውስ 7 እና ዊንዶውስ 10 በአዲሱ ዓይነት ስለሚግባቡ አሮጌውን መክፈት አያስፈልግም። እኔም ሥራዬን ስጨርስ መጋራቱን መልሼ ዘጋሁት።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ተገልብጦ አለቀ። አልቋል በሚለው ብቻ አላመንኩም፤ ጥቂቶቹን በላፕቶፑ ላይ ከፍቼ አነበብኩ። ከወር በኋላ ጋሼ ደውለው «ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለ» አሉኝ። መልመጃዎቹ ግን እኔ ዘንድ ነበሩ።

ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ሁሉን ባንዴ አትነካኩ። መጀመሪያ ገመዱን፥ ቀጥሎ አድራሻውን፥ ከዚያ ፋየርዎሉን፥ ከዚያ የይለፍ ቃሉን፥ በመጨረሻ ፈቃዱን እዩ። አንዱን ለውጣችሁ ሳትሞክሩ ሌላውን አትለውጡ። በክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። ለጥያቄያችን መልስ የማይሰጥ ልጅ ስናይ «አያውቅም» ለማለት እንቸኩላለን። ምናልባት ጥያቄያችን አልደረሰው ይሆናል፤ ምናልባት ክፍሉ አደባባይ ሆኖበት ፈርቶ ይሆናል። ምናልባትም በሩን የዘጋንበት አምና እኛው እንሆናለን። ስለዚህ «ምን ነክተህ ነው?» ከማለታችን በፊት «እኔ ምን ነክቼ ነበር?» እንበል። እኔ ይህን የተማርኩት ጋሼን ካስቀየምኩ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ሳታስቀይሙ ተማሩት።