የለበጥናት መኪና በቡና አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶና በወልቂጤ ወደ ጅማ፣ ከጅማም የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚሄድ መንገደኛ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቀዋል። እኛም ይህን መንገድ በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ጀመርነው። የተሳፈርነው በአውቶቡስ አይደለም፤ ያደርነውም በሆቴል አይደለም። ውስጧን በገዛ እጃችን በስፖንጅና በኮምፔርሳቶ ለብጠን፣ አልጋና መደርደሪያ አበጅተን፣ ትንሽ ቤት ባደረግናት አሮጌ የዕቃ ሚኒባስ ነው።

የጉዞው ምክንያት የአባታችን ብራና ዳዊት ነበር። አባታችን ካረፉ ወዲህ መጽሐፉ በእኔ ቤት ተቀምጦ ቆይቷል። በሸዋ ቤንች ትዳር ይዘው፣ ቡና እየተከሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩት ታላቅ ወንድሜ ግን «በቀረችኝ ዕድሜ በአባቴ መጽሐፍ ልድገም» ብለው ላኩብኝ። እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ዳዊቱን በሰው እጅ የሚልክ ወንድም አይገኝም።

በመኪና ስለ ማደሩም ነገር ጥቂት ልበል። አስተማሪ የሆነ ሰው አምስት ነፍስ ይዞ በየከተማው አልጋ ቢከራይ፣ ከመንገዱ በፊት ደመወዙ ያልቃል። ከዚህም ሌላ ሁለተኛዋ ልጄ አስም አለባት፤ አቧራ በጠጣ ፍራሽ ላይ ያደረች እንደ ሆነ ሌሊቱን ተቀምጣ ታነጋዋለች። ስለዚህ አልጋችንን ይዘን ብንሄድ ይሻላል አልን። አሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጀርመኖች የፎልክስቫገንን ኮምቢ በ1950 እ.ኤ.አ. መሥራት በጀመሩ በዓመቱ፣ ቬስትፋሊያ የተባለው ኩባንያ መኝታና ሣጥን የሚሆን የእንጨት ዕቃ አሰናድቶ በውስጧ ማስገባት ጀምሯል። በአገራችንም የባቲላሜራ ባለሙያዎች የጭነት መኪና ሻሲ ይዘው፣ ላሜራ እየቀጠቀጡ፣ ሙሉ አውቶቡስ ያወጡለታል፤ ሕዝቡም ይህን ዓይነቱን «ቅጥቅጥ» ይለዋል። እነርሱ ያንን ከሠሩ እኔ አንዲት ሚኒባስ መለበጥ እንዴት ያቅተኛል ስል አሰብሁ።

የዕቃ ሚኒባስ ከውስጥ ሲያዩት ራቁቱን የቆመ ላሜራ ነው። ዝናብ ሲመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ምጣድ ይግላል። እኔና አንድ አናጢ ጎረቤቴ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተን፣ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ በኮላ ለጠፍንበት። ቀጭን ሞራሌም በብሎን አሥረን በላዩ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ መታንበት። ከዚያ በኋላ ነፋስ ሊገባበት ይችላል ያልሁትን ቀዳዳ ሁሉ በማስቲሽ ደፈንሁ፤ በበሮቹ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች እንኳ አልማርኋቸውም። ኮርኒሱ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሲያብለጨልጭ፣ ጎረቤትም እየገባ «ይህስ ሳሎን ነው!» ሲል፣ እውነቱን ለመናገር ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

በጊቤ በረሃ ሥራዬ አላሳፈረኝም። ደመናው ተገልጦ የቀትር ፀሐይ ወጥቶ ነበርና የጣሪያውን ላሜራ ከውጭ ብነካው እጄን ፈጀኝ፤ ከውስጥ ያለው ኮምፔርሳቶ ግን ለብ ከማለት አላለፈም። ብረት ሙቀትን ከእንጨት ይልቅ ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ስፖንጅና ፎም ደግሞ የማይንቀሳቀስ አየር በውስጣቸው ስለ ያዙ ሙቀትን ከእንጨትም በበለጠ ያግዳሉ፤ ዋናው ከልካይ አየሩ ነው ማለት ነው። ጅማም በሰላም አደርን።

ከጎጀብ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ቡናው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በገዛ ፈቃዱ ይበቅላል፤ ጉሙ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይሻገራል። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ መመዝገቡን ለልጆቼ እየነገርኋቸው ሳለ ዝናቡ ወረደ፤ እስከ ቦንጋም አላቆመም። ደቡብ ምዕራቡ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች ዋናው መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ማስተማርና ከሥሩ ማደር ግን አንድ አይደሉም። በዚያች ሌሊት ዝናቡ እንዳይገባብን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን፣ አምስታችንም ተጠጋግተን ተኛን።

ሊነጋጋ ሲል ልጄ ስታስል ነቃሁ። የእጅ ባትሪዬን ባበራ ያ የሚያብለጨልጨው ኮርኒስ ጤዛ አዝሎ ይንጠባጠባል፤ መስታወቱ ውሃ ያወርዳል፤ አየሩም እርጥብ ጆንያ ይሸታል። በሩን በርግጄ ልጄን ወደ ደጁ አስጠግቼ፣ የሚነፋውን መድኃኒቷን ሰጥቻት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ጀርባዋን ደግፌ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ትዝ ያለኝ ዳዊቱ ነው። በመደርደሪያው ላይ ከግድግዳው ጋር አስጠግቼው ነበርና ማኅደሩ በግድግዳው በኩል ርሷል። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣም ያብጣል፣ ይጠማዘዛል፤ ከቆየበትም ይሻግታል። ቅጠሎቹ ተነፋፍተው ሁለቱ ገበታዎች አልገጥም አሉ። ጥቂት መንገድ ብቻ በቀረኝ ጊዜ፣ አባቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ የጠበቁትን እኔ በሁለት ሌሊት ማበላሸቴ ነው ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ጧት ባለቤቴ ዝናቡን አይታ ከሰሉን ወደ ውስጥ አግብተን ቡና እናፍላ አለች። «ጭሱ ወጥቶለታል፤ ፍም ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ስሕተቱም እዚያ ላይ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በታሸገች ትንሽ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳያስነሣ ይገድላል። መኪናይቱ ደግሞ በእኔ ትጋት ከየትኛውም ክፍል ይልቅ የታሸገች ነበረች። ቡናው በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተፈላ። በዚያ ቀን ደኅና የሠራሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የውሽውሽን የሻይ ተክል አልፈን፣ ከሰዓት በኋላ ሸዋ ቤንች ደረስን። ወንድም ጋሼ ዳዊቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት፤ ማኅደሩን ዳሰሱት፤ ቀና ብለውም አዩኝ። የት እንዳስቀመጥሁት ጠየቁኝና ወደ መኪናይቱ ገብተው ግድግዳውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ይህን ብሎን ፍታው» አሉኝ።

ፈታሁት። ስፖንጁ ከላሜራው ላይ ተላቆ እንደ ታጠበ ጨርቅ ይጨመቅ ነበር፤ ከሥሩም አዲስ ዝገት ጀምሯል። የበሩን ልባስ ሲያነሡት ደግሞ ውሃው ተጠራቅሞ አገኙት፤ በግርጌው የደፈንኋቸው ቀዳዳዎች ለካስ በመስታወቱ በኩል የሚወርደው ዝናብ እንዲፈስባቸው የተተዉ ኖረዋል። ወንድም ጋሼ አልተቆጡም፤ እጄን ይዘው ወደ ቡና መጋዘናቸው ወሰዱኝ እንጂ።

በመጋዘኑ ውስጥ አንድም ጆንያ መሬት አይነካም፤ አንድም ጆንያ ግድግዳ አይደገፍም። ሁሉም በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሯል፤ በጆንያውና በግድግዳው መካከል ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አለ፤ ከግድግዳው አናትና ከግርጌው የነፋስ መግቢያ ተትቷል። ቡና ከአልጋ ላይ የሚነሣው እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ በላስቲክ ቢያፍኑት ወይም ወደ ቀዝቃዛ ግድግዳ ቢያስጠጉት መልሶ ይጠጣና ይሻግታል፤ የዓመት ድካምም በአንድ ክረምት ይጠፋል። «እናንተ አምስት ሆናችሁ ሌሊቱን ስትተነፍሱ ያ ሁሉ ውሃ የት እንዲሄድ አስበህ ነበር?» አሉኝ።

እኔ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህም ጥያቄ ለተማሪዎቼ በፈተና የማወጣው ዓይነት ነው። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ያወጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከመቶ 80 የሆነ አየር ወደ 21 ዲግሪ የቀዘቀዘ ብረት ቢያገኝ በላዩ ጤዛ ይሆናል። በቦንጋ ሌሊት ላሜራው ከዚያም ይልቅ ቀዝቅዟል። ስፖንጅ ደግሞ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ የትንፋሹን እርጥበት እስከ ብረቱ ድረስ ያሳልፋል፤ ውሃ የሆነውንም ይዞ ያስቀራል። በአጭሩ እኔ የሠራሁት ግድግዳ ሳይሆን ውሃ የሚጠጣ ፍራሽ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ አፍርሰን ሠራን። ስፖንጁን አውጥተን ላሜራውን በጨርቅ አደረቅን፤ ዝገቱን ፍቀን እንደ ገና ቀለም ቀባነው። ከሚዛን ገበያ ውሃ የማይጠጣ፣ ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ ጥቅል ፎም ገዛን። እርሱም ባነሰን ጊዜ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽገው የሚመጡበትን ነጭ ፎም ጨመርንበት፤ ይህኛው እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ከምድጃችንና ከኤሌክትሪኩ ሽቦ አራቅነው። ፎሙ በሙሉ ገጹ ከላሜራው ጋር እንዲጣበቅ ተደረገ፤ በመካከሉ ባዶ ሥፍራ ቢቀር እርጥብ አየር ገብቶ ብረቱን ያገኘዋልና። የመኪናይቱ ብረት የጎድን አጥንቶችም እንዳይረሱ ወንድም ጋሼ አሳሰቡኝ፤ ጣሪያው የሚያንጠባጥበው በእነርሱ መሥመር ነበርና ቀጭን ፎም አለበስናቸው። ኮምፔርሳቶውን ከፎሙ ሁለት ጣት ያህል አርቀን በሞራሌው ላይ መታነው፤ ከግርጌውና ከአናቱም ቀጭን ክፍተት ተውን። በመጨረሻ ጣሪያውን በስተኋላ በኩል በስተን፣ ዝናብ የማያስገባ ክዳን ያለው የአየር መውጫ አበጀንለት። ጣሪያ መብሳት ለእኔ ከሥራው ሁሉ የከበደው ነበር፤ ሦስት ጊዜ መሰርሰሪያውን አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁት።

የወንድም ጋሼ ባለቤት የቤንች ተወላጅ ናቸው። እኛ በላብ ስንጠመቅ ጎደሬ ቀቅለው፣ ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ተቀምሞ የሚፈላውን ጨሞ ያመጡልን ነበር። ያወጣነውን ስፖንጅ ዶሮዎች ወረሱት።

አዲሱን ሥራ ለመፈተን ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ቴፒ ወረድን። ቴፒ ቆላ ነው፤ ቁንዶ በርበሬው በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ ኮረሪማና እርዱም የገበያው ጌጥ ነው። ወባ ስላለ አጎበራችንን ዘርግተን፣ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፍተን፣ የጣሪያውንም መውጫ ሳንዘጋ ተኛን። ዝናብ ጣለ። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ የልጄን ትንፋሽ አዳመጥሁ፤ ረጅምና ጸጥ ያለ ነበር። ጧት ለመፈተኛ ብለን በአራት ብሎን ብቻ የተውነውን ሰሌዳ ፈትቼ እጄን ከኋላው ብሰድ ፎሙ ደረቅ ነው። መስታወቱ ግን ጥቂት አልቦት ነበር፤ በዚያ አገር አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ይህን ማስቀረት አልተቻለም።

ስንመለስ ወንድም ጋሼ ዳዊቱን እንደ ቀድሞው ሰው በማኅደሩ ከምሰሶው ላይ ሰቅለውት አገኘሁ፤ ከግድግዳ ርቆ፣ ነፋስ በዙሪያው እየዞረው። ከዚያ በፊት በጥላ ሥር ገልጠው፣ ቅጠል ቅጠሉን እያገላበጡ ለቀናት አናፍሰውታል። ገበታዎቹ ገጥመዋል። ሦስት ቅጠሎች ብቻ ጠርዛቸው ተጨማዶ ቀርቷል፤ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ወንድም ጋሼም ማታ ሲደግሙ እነዚያን ቅጠሎች በአውራ ጣታቸው እየደለደሉ ያልፏቸዋል።

በመኪናይቱም የኋላ በር ላይ፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ፎም ያላዳረስናት አንዲት ማዕዘን አለች፤ አሁንም ታልባለች። በሚመጣው ነሐሴ ደግሞ ስንወርድ እንደርስባታለን።