ሐረና ጫካ ያጋለጠው ምስጢሬ

እኔ የሌሎችን ገጠመኝ እያነበብኩ «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ተራው የኔ ሆነና ብዕር አነሣሁ። ፍረዱብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱብኝ።

የምኖረው እዚሁ ሰንጋ ተራ ነው። ሰንጋው በስም ብቻ ቀርቶ ዛሬ ባንክ በባንክ የሆነው ሰፈር። ዕድሜዬ 34፣ ሥራዬ የቢሮ ሥራ ነው። ከውጭ ስታዩኝ ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ ኳስ የሚጫወት ወንድ ነኝ። ውስጤን የሚያውቁት ግን እናቴና ሐኪሜ ብቻ ነበሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አዎ፣ ስኳር አለብኝ።

ለምን ደበቅከው አትሉኝም? ከበሽታው ሁለተኛ ዓመት ላይ የምወዳት ልጅ ነበረች። በቅንነት ነገርኳት። እሷ ለእናቷ ነገረች። ከዚያ በኋላ ስልኬ አልተነሣም። በሰው በኩል የደረሰኝ ቃል «ልጃችንን ለአስታማሚነት አላሳደግናትም» የሚል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ዘጋሁ።

የአሁኗን እጮኛዬን ካገኘኋት ሁለት ዓመት አለፈ። እንደ ደንቡ ለጋብቻ ስንዘጋጅ ኤች አይ ቪ አብረን ተመረመርን፤ ነፃ መሆናችንን የሚገልጸውን ወረቀት ይዘን እየሣቅን ወጣን። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ስለ ስኳሩ ግን... «ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ» እያልኩ ለራሴ ቀጠሮ እሰጥ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ እጮኛዬ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር አንድ ጉዞ አዘጋጀች። አምስት ቀን፣ በድንኳን፣ አስጎብኚ ይዞ፣ ባሌ! የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ጀምሮ ልቧ እዚያ ነው። «ከሠርግ በፊት አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ እንውጣ» አለችኝ። እምቢ ብል ምክንያቴን ትጠይቀኛለች። እሺ አልኩ።

ስድስት ሆነን ሄድን። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዲንሾ አደርን። አስጎብኚያችን ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ኦቦ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ገና ከመነሣታችን ሰብሰብ አደረጉንና፣

«ደም ግፊት፣ አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ንገሩኝ። በሰው ፊት ካፈራችሁ ለብቻዬም ቢሆን። ጫካ ስንገባ ስልክ እንዳሻችሁ አይሠራም። ሆስፒታሉ ጎባ ነው፤ በመካከል ሳነቴ አለ» አሉ።

ሁሉም ተሳሳቀ። እጮኛዬ ወደኔ ዞር ብላ «የኔ ጌታ እንኳን ጉንፋንም አያውቀው» አለች። እኔም ሣቅሁ። ያን ሣቅ እስካሁን አልረሳውም።

በማግስቱ ሳነቴን አቋረጥን። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር። ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን አየን፤ ሁሉም ፎቶ ያነሣል። እኔ ግን ብርዱ ኢንሱሊኑን እንዳያረጋብኝ በደረት ኪሴ ሸጉጬ በእጄ እደባብሳለሁ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ተጠምዝዞ ሐረና ጫካ ውስጥ ይዞን ገባ። ጉድ እኮ ነው! ከሰዓት በፊት ቅጠል የሌለበት ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ነበርን፤ አሁን ሰማይ አይታይም። ኮሶው፣ ቀርከሃው፣ ዝግባው፣ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው ሽበት። ጉሙ በዛፎቹ መካከል እንደ ጭስ ይሄዳል። ካቻ በሚባለው ቦታ ድንኳናችንን ተከልን። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ።

መከራዬ በሦስተኛው ቀን መጣ። የነቢያት ጾም ስለነበር እጮኛዬ ቁርስ አትበላም። እሷ ሳትበላ እኔ ብበላ ምን ልላት ነው? እኔም ጾምኩ። ቀኑን ሙሉ በእግር ሄድን። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሰው ሳይተክለው የበቀለውን ቡና አየን። ከዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀሉትን ረዣዥም ቀፎዎች ኦቦ አሳዩን፤ ገበሬው በገመድ ወጥቶ ሌሊት ማር እንደሚቆርጥ ነገሩን። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ የምይዘው ከረሜላ ነበር። «ምንድነው እንደ ሕፃን ከረሜላ የምትጭነው?» ብላ አንዷ ስለቀለደችብኝ ያን ቀን ሻንጣ ውስጥ ትቼው ነበር። የሰው ቀልድ ፈርቼ መድኃኒቴን ጣልኩ ማለት ነው።

ማታ እንደልማዴ ከዛፍ ጀርባ ሄጄ የተለመደውን መጠን ወጋሁ። ወዲያው ዝናብ ወረደ። እሳቱ ጠፋ፣ ምድጃው ራሰ፣ ፓስታው ዘገየ። በመጨረሻ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ቀምሼ ደክሞኝ ተኛሁ። ቀን ሙሉ የሄደ፣ ያልበላ፣ ሙሉ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን ስምንት ዓመት የኖርኩበት እኔ አላውቅም? አውቃለሁ። ግን ምስጢሬ ከሕይወቴ በልጦብኝ ነበር።

ሌሊት ላይ ከሆነው ትዝ የሚለኝ ጥቂቱ ነው። ላብ በላብ ሆኛለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። አንድ የማላውቀው ሰው ስሜን ይጠራል። ያ ሰው ለካ አጠገቤ የተኛው ጓደኛችን ነው። በኋላ እንደነገሩኝ «ሊፍቱ ለምን አይመጣም?» እያልኩ እጮህ ነበር። ጫካ ውስጥ ሊፍት! አንዱ «ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ ጨምሩለት» ይላል፤ ሌላው «የጫካ መንፈስ መትቶት ነው» ብሎ ጸበል ፍለጋ ሻንጣ ይበረብራል። እጮኛዬ ጉልበቴን ይዛ ታለቅሳለች።

ኦቦ ግን ባትሪያቸውን ይዘው፣ ኩባያ ይዘው ገቡ። «ተነሥ ወንድሜ፣ ዋጥ!» ሲሉ ይሰማኛል። ማር ነው። የሐረና ማር፣ በሞቀ ውኃ የተበጠበጠ። ትንሽ ትንሽ እያሉ አጠጡኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የድንኳኑ ጣራ ታየኝ። የሰዎቹ ፊት ታየኝ። ከዚያ ዳቦ አበሉኝ።

«ይሄ ልጅ ስኳር አለበት» አሉ ኦቦ፣ ለሁሉም። ወደኔ ዞረው ደግሞ «ማታ ከዛፉ ጀርባ ስትወጋ አይቼሃለሁ። የወንድሜ ሚስት እንዳንተው ትወጋለች። ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ማሩን አጠገቤ አድርጌ ተኛሁ» አሉኝ።

እጮኛዬ ምንም አልተናገረችም። ወጥታ ሄደች።

ጠዋት ወንዝ ዳር ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አስቆመችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለች። «ደማችንን አብረን አስመረመርን። ከሁለቱ ደምህ አንዱን ብቻ ለምን አሳየኸኝ?» መልስ አልነበረኝም። ቀጥላ «ሌሊት ሞተህ ቢሆን ኖሮ ለእናትህ ምን እላት ነበር? በሽታህ አይደለም ያስፈራኝ፤ እየሣቅክ መዋሸትህ ነው» አለችኝ። እስከ አዲስ አበባ ከኔ ጋር በአንድ ወንበር አልተቀመጠችም።

የጥሩ ሠርግ ቀረ። ለሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። ከዚያ አንድ ቀን ደውላ «የሐኪምህ ቀጠሮ መቼ ነው?» አለችኝ። አብራኝ ገባች፤ የምትጠይቀውን በወረቀት ጽፋ ነበር። ከዚያ «አሁን የቀረው እናቴ ናት፤ ራስህ ንገራት» አለችኝ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ቀን ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ አታውቁም። እናቷ ሰምተው ሲጨርሱ ብዙ ዝም አሉ። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። አለቀልኝ ስል ሻይ ይዘው መጡ። «ስኳር አላደረግሁበትም፣ ልጄ» አሉኝ። ሻዩን እንዴት እንደጠጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሆነ፤ ዛሬ ባለትዳር ነኝ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አንደኛ፣ እጮኛችሁ ጤናችሁን ከእናንተ አፍ ይስማ እንጂ ከጫካ አስጎብኚ አፍ አይስማ። ትቶ የሚሄድ ካለ ከሠርግ በፊት ይሂድ። ሁለተኛ፣ ረጅም መንገድ በእግር የምትሄዱ የስኳር ሕመምተኞች ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መጠኑ ሐኪማችሁን አማክሩ። የእግር ጉዞ ከሰዓታት በኋላም፣ ሌሊትም ቢሆን ስኳርን ያወርዳል። ለሚመራችሁ ሰው ንገሩ። ስኳር ወይም ማር ከሻንጣ ሳይሆን ከኪሳችሁ አይጥፋ፤ ሐኪሜ እንዳስተማረኝ ሲወርድ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ሦስተኛ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፣ ያንቀዋል፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ። እኔ መዋጥ ስችል ስለደረሱልኝ ነው የተረፍኩት።

ኦቦን በሠርጋችን ጠርተናቸው መንገዱ ርቋቸው ቀሩ። በሰው ግን አንድ ገንቦ ማር ላኩልን። ገንቦው ዛሬም ቤታችን ውስጥ፣ ከሰው ዓይን ሳይደበቅ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጧል።

ከሰንጋ ተራ